ሽንኩርት ለአበባው ብሎ ደጁ ላይ የተከለ ሰው አለ? ያቺን ሐምራዊ ኳስ ማለቴ ነው

እሙዬ_ቨርጂኒያ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ጥያቄዬ ሊያስቃችሁ ይችላል፤ ሳቁና መልሱልኝ።

የምኖረው አሌክሳንድሪያ ነው። ከቤታችን ፊት ለፊት ሦስት ሜትር የማትሞላ መደብ አለችኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ቱሊፕ ተከልኩባት፤ ሁለቱንም ዓመት አጋዘን በላብኝ። ማታ እምቡጡን አይቼ ነገ ይፈነዳል ብዬ እተኛለሁ፤ ጠዋት ስወጣ በመቀስ የተከረከመ ይመስል አገዳው ብቻ ቆሟል። ባለቤቴ በበር ካሜራው አያቸው። እናትና ልጅ ሆነው፣ ቀስ ብለው፣ ያለ ምንም ኀፍረት።

ባለፈው ሜይ ግን ከእኛ ሦስት ቤት አለፍ ብለው የሚኖሩ ሴትዮ ደጅ ላይ አንድ ነገር አየሁ። ቀጥ ያለ አገዳ፣ ወገቤ ድረስ የሚደርስ፣ ጫፉ ላይ ሐምራዊ ኳስ። ንቡ ሰፍሮበታል። ቆሜ ሳፈጥ ሴትዮዋ ወጡና "አሊየም ነው፤ የሽንኩርት ዘመድ" አሉኝ። አጋዘኑስ? አልኳቸው። አሽትቶ ነው የሚያልፈው አሉኝ። እዚያው ወሰንኩ።

አሁን ሴፕቴምበር ሊያልቅ ነው፤ ሱቆቹ የአሊየሙን ራስ በመረብ ከረጢት እያደረጉ መሸጥ ጀምረዋል። የትኛውን ልግዛ? መቼ ልትከል? ደጁን ይሸታል ወይ? እናቴ አብራን ናት፤ "ሽንኩርት በር ላይ ተክለሽ ሰው ምን ይለናል" ብላ ከአሁኑ ጀምራኛለች።

ጋሽ_መኮትኮቻ

እሙዬ፣ እንኳን ደህና መጣሽ። እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ፤ ከዚህ ሽንኩርት ጋር ስታገል ይኸው 11 ዓመቴ። ያንቺ አጋዘን ዘመዶች እኔም ሰፈር አሉ።

መጀመሪያ እናትሽን አረጋጊልኝ። ካልቀጠፉት ወይም ካላሹት አይሸትም። ስትተክዪ እጅሽን ትንሽ ይሸትሻል፣ በቃ።

ለጀማሪ ፐርፕል ሴንሴሽን የሚባለውን ግዢ። ርካሽ ነው፣ አይከዳም። ከ60 እስከ 90 ሳንቲ ሜትር ይቆማል፤ ኳሱ ደህና ብርቱካን ያክላል። ማስታወቂያ ላይ የምታዪው የሕፃን ራስ የሚያክለው ጊጋንቲየም ወይም ግሎብማስተር ነው። ጊጋንቲየም የሰው ቁመት ይደርሳል፤ ግን የአንዱ ራስ ዋጋ አንድ ከረጢት ፐርፕል ሴንሴሽን ይገዛልሻል። በዚያ ላይ የእኛን እርጥብ በጋ አይወደውም፤ እኔ ጋ ሁለት ዓመት አብቦ በሦስተኛው የት እንደገባ አላውቅም። ትልቅ ካልሆነ አልወድም ካልሽ ግሎብማስተር ይሻልሻል። እሱ ድቅል ነው፤ ዘር ስለማይዝ አበባው ቶሎ አይረግፍም።

ለመትከል አትቸኩዪ። ከኦክቶበር አጋማሽ እስከ ታንክስጊቪንግ፣ እስከ ኖቬምበር መጨረሻ ማለት ነው፣ ጊዜ አለሽ። አፈሩ ቀዝቀዝ ይበል። ጥልቀቱ የራሱን ቁመት ሦስት እጥፍ ነው፤ ለፐርፕል ሴንሴሽን 15 ሳንቲ ሜትር፣ ለግሎብማስተር 20 አድርጊው። ሾጣጣው ወደ ላይ፣ ሥር የነበረበት ጠፍጣፋው ወደ ታች። ፀሐይ ሙሉ ቀን ካገኘ ደስታው ነው።

ዋናው ጉዳይ ግን ውሃ ነው። የሰሜን ቨርጂኒያ አፈር ያው ቀይ ሸክላ ነው። ክረምቱን ሙሉ ውሃ ከተኛበት ራሱ ይበሰብሳል። የጣሪያ ውሃ የሚወርድበት አሸንዳ ሥር እንዳትተክዪ። መደቡን ከመሬት ከፍ አድርጊና ኮምፖስት ቀላቅዪበት። አሸዋ ብቻ እንዳትጨምሪ፤ አሸዋና ሸክላ ሲቀላቀል ጡብ ነው የሚሆነው፤ እኔ ሠርቼ አይቼዋለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ ልንገርሽ፣ ከረጢቱ ላይ አይጽፉትም። አበባው ሊከፈት ሲል ቅጠሉ ከጫፉ መቢጨት ይጀምራል። አበባው ባማረበት ሳምንት ሥሩ ያለው ቅጠል የታመመ ነው የሚመስለው። እኔ የመጀመሪያው ዓመት ውሃ ጠምቶት ነው ብዬ ጠዋት ማታ ሳጠጣ ልገድለው ነበር። አልታመመም፣ ባሕርይው ነው። ከፊቱ ቅጠሉን የሚሸፍን ነገር ትከዪ፤ ሆስታ፣ ኔፔታ፣ ጄራኒየም፣ ያገኘሽውን።

ለሆስታ ግን አጋዘኑ ነፍሱን ነው የሚሰጠው። እንግዲህ ነግሬሻለሁ።

ሹሮ_ፈሰስ

20 ራስ ሽንኩርት አፈር ውስጥ ከሚቀበር ለአንድ ዶሮ ወጥ አይሆንም ነበር? ጥያቄ ነው፣ አትቆጡኝ።

ጋሽ_መኮትኮቻ

ዶሮ ወጥ በ20 ራስ የሚሠራበት ቤት ካለ አድራሻውን ላክልኝ፣ ሄጄ አዝንላቸዋለሁ።

ብርዱ_ስቶክሆልም

ጋሼ ያሉት በሙሉ ልክ ነው፤ እኔ የምጨምረው ከሰሜን በኩል ያለውን ነው። እዚህ ስድስት ወር ብርድ ነው፤ አሊየም ግን እዚህ አገር የተወለደ ይመስላል። ሰዎች በየዓመቱ ቆፍረን እናውጣው ወይ ይላሉ። አታውጡት። እዚያው ይተኛል፤ እየቆየ ከጎኑ ልጆች ያወጣል። አበባው ማነስ ሲጀምር፣ በአራት በአምስት ዓመት፣ ያኔ ቅጠሉ ደርቆ ሳለ ቆፍሮ መከፋፈል ነው።

ቅጠሉን ደግሞ አረንጓዴነቱ ሳያልቅ እንዳትቆርጡ። የሚቀጥለውን ዓመት አበባ የሚቀልበው እሱ ነው። ሲደርቅ ሳብ ሲያደርጉት በቀላሉ ይወጣል።

ፐርፕል ሴንሴሽን ግን ዘሩን ይበትናል። የረገፈው ዘር በቅሎ ለማበብ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ይፈጅበታል፤ ሲያብብ ደግሞ እናቱን አይመስልም፤ ደብዘዝ ያለ ይሆናል። መደባችሁ በሽንኩርት እንዲሞላ ካልፈለጋችሁ ኳሱን ሳይፈነዳ ቁረጡት። እኔ ቆርጬ ቤት ውስጥ አደርቀዋለሁ። ለገና ወርቃማ ቀለም ረጭቼ የዛፉ ላይ ሰካሁት። ባለፈው ዓመት ደግሞ ለእንቁጣጣሽ ቢጫ ቀባሁትና "አደይ አበባ ነው" ብዬ ለልጆቼ ሰጠኋቸው። ትልቋ "አደይ እንደዚህ ትልቅ ናት?" አለችኝ። እናት ዋሸች።

የሰሚት_ልጅ

አንድ ጥያቄ ከአዲስ አበባ። አክስቴ አምና ለእንቁጣጣሽ ከአሜሪካ ስትመጣ 10 ራስ ፐርፕል ሴንሴሽን በሻንጣ ይዛልኝ መጣች። መስከረም ላይ ተከልኩ። ሁሉም በቀለ። ሰፈሩ በሙሉ "ነጭ ሽንኩርት ተከልክ?" ሲለኝ ከረመ። ቅጠል፣ ቅጠል፣ ቅጠል። አበባ የለም። ከዚያ ሰኔ ገባ፤ ሐምሌ ላይ አንዱን ሳወጣው እንደ ተቀቀለ ድንች እጄ ላይ ፈረሰ። አስሩም እንደዚያው።

ዘንድሮ ደግሞ ስድስት ራስ አምጥታለች። ኩሽና መደርደሪያ ላይ ተቀምጠዋል። ምን ላድርጋቸው? ማዳበሪያ አንሷቸው ነው?

ዘር_ጠባቂ

ወንድሜ፣ ማዳበሪያ አይደለም። የቀን መቁጠሪያ ነው ጉዳዩ። ሥራዬ ከአዝርዕት ጥበቃ ጋር የተያያዘ ነውና ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፍ።

እነዚህ ትልልቅ አሊየሞች የመጡት ከኢራን፣ ከቱርክመኒስታን፣ ከአፍጋኒስታንና ከዚያ አካባቢ ተራሮች ነው። እዚያ ክረምቱ በረዶ ነው፣ ፀደዩ እርጥብ ነው፣ በጋው ደግሞ እሳት የሆነ ደረቅ። ተክሉ ኑሮውን በዚያ ልክ ነው የሰፋው። በብርዱ ከመሬት ሥር ሥር ይሰዳል፤ በረዶው ሲቀልጥ ይወጣል፤ ያብባል፤ ድርቁ ሲመጣ ቅጠሉን ጥሎ ይተኛል። ጋሼ "ቅጠሉ ይቢጫል" ያሉት ለዚህ ነው፤ በጋው ሳይደርስብኝ ልተኛ እያለ ነው።

አሁን አዲስ አበባን አስብ። ተክሉ ደረቅ መኝታ በሚፈልግበት በሐምሌና በነሐሴ እኛ ጎርፍ እናወርድበታለን። ብርድ በሚፈልግበት በኅዳርና በታኅሣሥ ቀኑ ፀሐይ ነው። ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ ግን እሱ የሚፈልገው በአንድ ቁጥር ሙቀት ውስጥ ቀንም ሌሊትም ሳይቋረጥ ለሦስት ወር ያህል መቆየት ነው። ያንን ካላገኘ አበባ የማውጣት ትእዛዝ አይደርሰውም። አደይ አበባን በሚያዝያ አብቢ ብትላት እሺ ትልሃለች? የክረምቱን ማለፍ ነው የምትጠብቀው። ይኼም የብርዱን ማለፍ ነው የሚጠብቀው።

ስለዚህ ስድስቱን ራስ አሁኑኑ በወረቀት ከረጢት አድርገህ ፍሪጅ ውስጥ አስገባ። ፍሪዘር አላልኩም፣ ፍሪጅ። ላስቲክ አይሁን፣ ይሻግታል። ከፖምና ከበሰለ ፍራፍሬ አርቀው፤ ፍራፍሬ ሲበስል የሚያወጣው ጋዝ ውስጡ ያለውን እምቡጥ ያጨነግፈዋል። እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ እዚያ ይቆይ። ከዚያ በሸክላ ማሰሮ ትከልና ፀሐይ ላይ አስቀምጠው። የበልጉ ዝናብ ሲጠነክር ጣሪያ ሥር፤ ሰኔ ሲገባ ጭራሽ ውሃ አታሳየው።

በማሰሮ ያልኩት በምክንያት ነው፤ አሁን ቁጣዬን ስማ። ሽንኩርት በሻንጣ አታስመጣ። ነጭ መበስበስ የሚባል የሽንኩርት ወገን በሽታ አለ፤ ፈንገስ ነው። ከራሱ ሥር እንደ ጥጥ ነጭ ሆኖ ይጀምርና ከሰናፍጭ ፍሬ ከሚያንሱ ጥቁር ፍሬዎች ጋር ይቀራል። እነዚያ ፍሬዎች ያለ ምንም ምግብ አፈር ውስጥ 20 ዓመት ሊቆዩ ይችላሉ። የሰሜን ሸዋ ነጭ ሽንኩርት ገበሬ ይህን በሽታ በደንብ ያውቀዋል፤ ማሳው ላይ አንዴ ከገባ ነጭ ሽንኩርት መትከል ይተዋል። የጌጥ ሽንኩርትም ተሸካሚ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው ወደ አገር የሚገባ ተክል ፈቃድና የጤና ሰርተፍኬት የሚጠየቀው። አክስትህ ለፍቅር ነው ያመጣችው፣ ገብቶኛል። በሚቀጥለው ሽቶ ታምጣልህ። ያሉህን ግን በማሰሮ ብቻ፤ አፈሩንም ወደ ጓሮ አትድፋው።

የሰሚት_ልጅ

እሺ ተቀጣሁ። አሁን ፍሪጅ ገቡ። መብራት ሲጠፋስ?

ዘር_ጠባቂ

በሩን ካልከፈትከው ለሰዓታት ቀዝቃዛ ሆኖ ይቆያል። አንድ ቀን ቢያልፍም አይሞቱም። ከመብራቱ ይልቅ የቤቱ ሰው ነው የሚያሰጋኝ፤ ከረጢቱ ላይ "አይበላም" ብለህ በትልቁ ጻፍ።

ሚሚ_ድመቴ

ስለ መብላት ካነሳችሁ አይቀር። ቤታችሁ ድመት ወይም ውሻ ያላችሁ ተጠንቀቁ። የሽንኩርት ወገን በሙሉ፣ የወጡም የጌጡም፣ ለሁለቱም መርዝ ነው። ቀይ የደም ሕዋሳቸውን ይሰባብራል። ድመት ደግሞ ከውሻ ትብሳለች፤ በትንሽ መጠን ትጎዳለች። አንዳንድ ሰው ስትተክሉ የአጥንት ዱቄት ጨምሩ ይላል፤ ውሻ ያ ሸቶት የሽንኩርቱን ራስ ቆፍሮ ያወጣዋል። ውሻ ካላችሁ ይቅርባችሁ።

ለሰውም ቢሆን ለአበባ የተሸጠ ራስ ፀረ ፈንገስ የተረጨ ሊሆን ይችላል። አትብሉት።

ሩት_ነታንያ

እናንተ ገዝታችሁ የምትለፉበትን እኔ በእግር ስሄድ ነው የማየው። እዚህ እስራኤል የዱር አሊየም አለ። ከሚያዝያ ጀምሮ መንገድ ዳር ከሰው ደረት የሚደርስ የዱር ባሮ ሽንኩርት ታያላችሁ፤ ኳሱ ሐምራዊ፣ ፈዘዝ ያለ። ሹቤርቲ የሚባለውን ደግሞ ልትገዙት የምትችሉት ካለ ግዙት፤ የተፈጥሮ አገሩ ይኼው የእኛ አካባቢ ነው። አበባው ኳስ አይደለም። ርችት ሲፈነዳ ፎቶ ያነሱት ይመስላል፤ አንዱ ዘንግ አጭር፣ አንዱ ረጅም። ቁመቱ ግን አጭር ነው፣ ጉልበት አይደርስም። ሲደርቅ ንፋሱ ይነቅለውና በሜዳው ላይ እየተንከባለለ ዘሩን ይዘራል።

ባለፈው ዓመት እናቴን ወደ ደቡብ ይዣት ሄጄ ነጌቭ ውስጥ በየካቲት ደረቅ አፈር ላይ ሐምራዊ ኳስ አየን። እናቴ ጎንበስ ብላ አሸተተችና "ይኼ እኮ ሽንኩርት ነው፤ ማን ተከለው እዚህ?" አለች። ማንም አልተከለውም እማ። ልትነቅለው እጇን ስትዘረጋ ያዝኳት። የዱር አበባ እዚህ አገር ብዙው በሕግ የተጠበቀ ነው፤ ቅጣት አለው።

ዘር ጠባቂ ያለው የአየር ንብረት ነገር እዚህ በደንብ ይታያል። በጋችን ጠብታ ዝናብ የለውም። ራሱ ደርቆ ተኝቶ ይከርማል።

ደብሬ_ውርጭ

እኔ የደብረ ብርሃን ሰው ነኝ። አዲስ አበባ አይበርድም ካላችሁ እኛ ጋ ኑ። ጥቅምትና ኅዳር ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጩ ነጭ ሆኖ ነው የምናገኘው። እኛ ጋ ያለ ፍሪጅ ያብባል እላለሁ።

ዘር_ጠባቂ

ብርዳችሁን አልክድም፣ ቀምሼዋለሁ። ግን ውርጩ ሦስት ሰዓት ላይ ይቀልጣል፤ ስድስት ሰዓት ላይ ሰዉ ጋቢውን አውልቆ ፀሐይ ይሞቃል። የእኔ ግምት ትንሽ አበባ፣ አጭር አገዳ ነው። ክረምታችሁ ደግሞ ከአዲስ አበባ የተሻለ አይደለም፤ ዋልካ አፈር ከሆነ አለቀለት።

እንዲያውም እዚህ አገር ላላችሁ ሁሉ ሌላ ነገር ልበል። ኳስ የሚመስል አበባ ከፈለጋችሁ ምን አስለፋችሁ? አንደኛ፣ የበቀለ ቀይ ሽንኩርት። ኩሽና ውስጥ አረንጓዴ ያወጣውን አትጣሉት። ጥቅምት ላይ ትከሉት፤ በቀዝቃዛው ወራት ባዶ ቱቦ የመሰለ አገዳ ያወጣና ነጭ ኳስ ያብባል። መልካሳና ባቱ አካባቢ የሽንኩርት ዘር የሚያመርቱ ገበሬዎች ማሳ እኮ በታኅሣሥና በጥር ነጭ ኳስ በነጭ ኳስ ነው። ያንን ፎቶ አንስቶ አውሮፓ ቢልኩት አሊየም ነው ብለው ይገዙታል። ነውም።

ሁለተኛ፣ አጋፓንተስ። በየሆቴሉ ግቢና በየመንገድ አካፋዩ የምታዩት ሰማያዊ ሐምራዊ ኳስ። ብዙ ሰው አሊየም የሚመስለው እሱ ነው። ከደቡብ አፍሪካ የመጣ ነው፤ ዝናባችንን ይችለዋል።

ሦስተኛ የእኔ ተወዳጅ፣ የጅብ ሽንኩርት። በዚህ ስም የሚጠሩ የተለያዩ ተክሎች አሉ፤ እኔ የምለው ያንን ዝናብ ሊገባ ሲል ከባዶ መሬት ብድግ ብሎ ቀይ ኳስ የሚያወጣውን ነው። ስካዶክሰስ ይሉታል በሳይንስ ስሙ። የእኛው አገር ተክል ነው፤ ከአሊየም ጋርም አንድ ትልቅ ቤተሰብ ነው የሚመደበው። አንዱ አበባ ውስጥ ከመቶ በላይ ትናንሽ ቀይ አበቦች ሊኖሩ ይችላሉ። ፈረንጅ ማሰሮ ላይ ተክሎ ሳሎን ያስቀምጠዋል፤ እኛ ጅብ ነው የሰጠነው። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል። መርዛማ ነው ብቻ፤ ልጅና ከብት በማይደርስበት አድርጉት።

ሹሮ_ፈሰስ

የጅብ ሽንኩርት መባሉ ጅቡ ቁሌት ስለሚያቁላላ ነው?

እሙዬ_ቨርጂኒያ

እኔ ስለ መደቤ ጠይቄ እናንተ ደብረ ብርሃን ደረሳችሁ! ግን ወደድኩት። ዛሬ ተከልኩ፤ 20 ፐርፕል ሴንሴሽንና ሦስት ግሎብማስተር። ጋሼ፣ ቦታ ስላነሰኝ አራቱን አሸንዳው አጠገብ አድርጌያቸዋለሁ። አይቆጡኝ። እናቴ ወንበር አውጥታ ተቀምጣ ስታይ ነበር። "ቢያንስ ባሮ ብትተክዪ ሾርባ ይሆነን ነበር" አለችኝ።

ጋሽ_መኮትኮቻ

ስለ አሸንዳው አልነገርኩሽም? እንግዲህ ሜይ ይነግርሻል።

ለእናትሽ ባሮ ከተከልሽላቸው ግን አንድ ነገር አስተውዪ። በፈረንጆቹ 2015 መጨረሻ ፔንስልቬንያ ላንካስተር አካባቢ የተገኘች አንዲት ትንሽ ዝንብ አለች፤ ከአውሮፓ ነው የመጣችው፤ ወደ ሜሪላንድም ወርዳለች። በፀደይና በመኸር ባሮና ነጭ ሽንኩርት ቅጠል ላይ በመስመር የተደረደሩ ነጭ ነጥቦች ትበሳለች፤ ትሏ ወደ ውስጥ ትገባለች። የሚበላውን በስስ መረብ ሸፍኚው። የጌጡንም ልትነካ ስለምትችል እያየሽ።

በጋ ላይ አበባ የለኝም ካልሽ ደግሞ ሚሌኒየም የሚባለውን በሚቀጥለው ዓመት ጨምሪ። አጭር ነው፣ በጁላይና በኦገስት ነው የሚያብበው፤ በፈረንጆቹ 2018 አሜሪካ ውስጥ የዓመቱ ዘላቂ ተክል ተብሎ የተመረጠው እሱ ነው። ቅጠሉ እንደ ፐርፕል ሴንሴሽን አያሳፍርም።

የሰሚት_ልጅ (ጥር ላይ)

ጥምቀት ማግስት ነው የምጽፈው። መጥፎ ዜና፣ ከፍሪጁ ስድስት ራስ አራት ቀርቷል። እህቴ ለገና ዶሮ ሁለቱን ከትፋ ጨመረቻቸው። ጽሑፉን አላየሁትም አለች። ሁላችንም በልተናል፤ ማንም አልታመመም፤ አሁን ነው የነገርኳቸው። አራቱን በማሰሮ ተክያለሁ።

ደግ ዜና፣ ዘር ጠባቂ እንዳልከው ጥቅምት ላይ የተከልኩት የበቀለ ቀይ ሽንኩርት ሦስት አገዳ አውጥቷል፤ ሁለቱ አብበዋል። ጡጫ የሚያክል ነጭ ኳስ። ጎረቤታችን እትዬ መጥተው "ምን ዓይነት አበባ ነው፣ ዘሩን ስጠኝ" አሉ። ከአትክልት ተራ በኪሎ ነው የሚሸጠው ብላቸው ተቀየሙኝ፤ የቀለድኩባቸው መሰላቸው።

እሙዬ_ቨርጂኒያ (ሜይ ላይ)

ክሩን ከእንቅልፉ ልቀስቅሰው። አበበ!! ከ20 ፐርፕል ሴንሴሽን 16 አበቡ፤ ሦስቱም ግሎብማስተር አበቡ፤ አንዱን በልጄ ራስ ለካሁት፣ እኩል ነው። ያልወጡት አራቱ የትኞቹ እንደሆኑ ጋሼ ገምተውታል። ቆፍሬ አየኋቸው፤ በስብሰዋል።

አጋዘኖቹ መጡ። ካሜራው ላይ አለ። እናቲቱ አፍንጫዋን አስጠጋች፣ ራሷን ነቀነቀች፣ ሄደች። ከዚያ ቅጠል ለመሸፈን ብዬ የተከልኳቸውን አምስት ሆስታዎች እስከ ሥራቸው ጨረሰቻቸው። ጋሼ ነግረውኝ ነበር፤ እሺ።

ቅጠሉ እንዳሉት ቢጫ ሆነ፤ አሁን እርቃኑን ነው የሚታየው። የሚቀጥለው ዓመት ኔፔታ።

ብርዱ_ስቶክሆልም

እንኳን ደስ አለሽ! እኛ ጋ ገና እምቡጥ ነው፤ ጁን ድረስ እንጠብቃለን። ኔፔታ ሳትደርሺ ተራ ቻይቭስም መደብ ዳር ትከዪ። ሐምራዊ ትናንሽ ኳሶች ያወጣል፤ ቅጠሉም አያስጠላም። እዚህ ሚድሶማር በሚባለው የበጋ በዓል ላይ በሄሪንግ ዓሣና በድንች ላይ ከትፈው ነው የሚበሉት። እናትሽም "የሚበላ ነገር ተከለች" ብለው ይረኩልሻል።

ዘር_ጠባቂ

የሰሚት ልጅ፣ ማሰሮዎቹስ?

የሰሚት_ልጅ

ከአራቱ ሁለቱ ቅጠል ብቻ። አንዱ ጭራሽ አልበቀለም። አንዷ ግን ሚያዝያ መጨረሻ አበበች፤ አገዳዋ ስንዝር ተኩል ናት፣ ኳሷ የሎሚ ያህል። ቀለሟ ግን እውነተኛ ነው። ሰባት ወር ፍሪጅና ማሰሮ ስል ቆይቼ አንዲት ሎሚ። አክስቴ በስልክ አይታት አለቀሰች፤ እኔ ደግሞ ሳቅኩ።

የጅብ ሽንኩርቱን ግን አንድ ወዳጄ ከጅማ መንገድ ሁለት ራስ አምጥቶልኝ ጥላ ሥር ተክዬው ነበር። ረስቼው ነበር። ከትናንት ወዲያ ዝናብ ዘነበ፤ ዛሬ ጠዋት አፈሩን ሰንጥቆ ቀይ ምላስ የመሰለ ነገር ወጥቷል። ውሃ አላጠጣሁት፣ ፍሪጅ አላስገባሁት። ሲከፈት ፎቶ እለጥፋለሁ።

እሙዬ_ቨርጂኒያ

እንጠብቃለን! በነገራችን ላይ እናቴ እሑድ ለቡና እንግዳ ጠርታ ነበር። ሳላያት አንዱን ግሎብማስተር ቆርጣ በብርጭቆ ረከቦቱ አጠገብ አቆመችው። እንግዶቹ ሲያደንቁ "ልጄ ናት የተከለችው" ትላለች፣ እኔ ኩሽና ሆኜ እሰማለሁ። ሁለተኛው ቡና ላይ አንዷ ሴትዮ ዙሪያዋን አየት አየት አድርጋ "ወጥ ጥደሻል እንዴ?" አለቻት። የብርጭቆው ውሃ ነው ለካ። ጋሼ፣ ለዚህ መፍትሔ አለው?

ጋሽ_መኮትኮቻ

አለው። ውሃውን በየቀኑ መቀየር፣ ወይም ወጡን እውነት አድርጎ መጣድ።